ልጇ እንድትበላ የጾመች እናት

ገበያነሽ ጾም ትችላለች። ሰው በዶሮ ወጡ ይታወቃል፣ ሰው በሹሩባ ሥራው ይታወቃል፤ ገበያነሽ ግን በሽሮ ሜዳ አካባቢ ባሉት የጸሎት ቡድኖች ዘንድ ስሟ የሚነሳው በጾሟ ነው። በየሳምንቱ ረቡዕን እስከ ማታ ትጾማለች። ቤተ ክርስቲያኗ የሦስት ቀን ጾም ጸሎት ስታውጅ ሌላው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ከሆዱ ጋር ሲታገል፣ እሷ በውሃ ብቻ ሦስቱንም ቀን ትጨርስና በአራተኛው ቀን ምንም እንዳልሆነ ሰው ወደ ሥራዋ፣ ወደ እጽዋት ማዕከሉ ችግኝ ጣቢያ፣ ትሄዳለች። ባሏ ዳኜ ግን እንጃ። ልብስ ሰፊ ነው፣ ደግ ሰው ነው፣ እግዚአብሔርንም ይወዳል፤ ጾሙ ግን ከቁርስ በኋላ ይጀምርና ምሳ ሲደርስ ይፈታል። በዚህ ሲያበሽቁት "ጌታ የሰጠኝን ሆድ ምን ላድርገው" ብሎ ይስቃል።

የገበያነሽ ጾም ዝም ብሎ የመጣ አልነበረም። ከዳኜ ጋር ከተጋቡ በኋላ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳትወልድ ቆይታለች። በዘጠነኛው ዓመት ሃያ አንድ ቀን ጾማ ጸለየች፣ ዓመት ሳይሞላ ሚልካን አቀፈች። ይህን ምስክርነት ያልሰማ ምእመን በቤተ ክርስቲያኗ የለም፤ አንዳንዱማ ሦስት አራት ጊዜ ሰምቶታል። እንግዲህ ሚልካ አሥራ ስድስት ዓመት ሞልቷት፣ አሥረኛ ክፍል ገብታ፣ ጾም ስትወድ እናት ምን ትላለች? የዘራሁት በቀለልኝ ነው እንጂ።

ነገሩ የጀመረው ግን በጾም አልነበረም። ኅዳር ላይ የወጣት መዘምራን አዲስ ዩኒፎርም ይሰፋላቸው ተባለና ዳኜ ሜትሩን አንገቱ ላይ ጥሎ ሄደ። ልብስ ሰፊ ሲለካ ይጮኻል፤ ልማዱ ነው። እሱ ይለካል፣ ሌላው ይጽፋል፣ የሚጽፈው እንዳይሳሳት ቁጥሩ ከአዳራሹ ጫፍ እስከ ጫፍ በሚሰማ ድምፅ ይጠራል። የገዛ ልጁ ተራ ሲደርስ ዳኜ ድምፁን አልቀነሰም፤ እንዲያውም ልጁ ናትና በደስታ ጨመረበት። የወገቧ ቁጥር ሲጠራ ከኋላ ከተሰለፉት አንዱ "የሚልኪ ብቻውን ጣቃውን ይጨርሰዋል" አለ። ሳቁ። ሚልካም አብራቸው ሳቀች፣ ዳኜም ሳቀ፣ ከዚያ የሚቀጥለው ተለካ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሚልካ ራቷን መቀነስ ጀመረች፤ ማንም ልብ አላላትም። እንኳን እናቷ ሞታ እንዲያውም አልቅሽ አልቅሽ ይላታል እንደሚባለው፣ ጥር ሲገባ ቤተ ክርስቲያኗ የሃያ አንድ ቀን ጾም ጸሎት አወጀች። ሚልካ አንድም ቀን ሳታጎድል ጨረሰች። ሰው ሁሉ ጾሙን ሲፈታ እሷ አልፈታችም፤ "ለጌታ ቃል ገብቻለሁ" አለች። መጀመሪያ ረቡዕ ብቻ ነበር፤ ቀጥሎ ሰኞ ተጨመረ፣ ሚያዝያ ላይ የማይጾም ቀን ጠፋ። ማታ ሲጠሯት "ሩቲ ጋ በልቼ መጣሁ" ትላለች፤ ሩቲ የሰፈር ጓደኛዋ ናት። ጎህ ሲቀድ ተነስታ ለጸሎት እንጦጦ ትወጣለች፤ ዳገቱን ግን የምትወጣው በሩጫ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ለቤቱ ፓስታ ትሠራና አባቷ እስኪጨርስ አጠገቡ ቆማ "ልጨምርልህ አባዬ?" እያለች ታየዋለች፤ እሷ ግን ጨው እንኳ አትቀምስም። በሚያዝያ ፀሐይ ሁለት ሹራብ ደርባ ትለብሳለች። ማበጠሪያዋ ላይ የሚቀረው ፀጉር በዛ። ገበያነሽ በየወሩ የምትገዛላትን ሞዴስ ሳይከፈት ቁም ሣጥን ውስጥ ተደርድሮ አገኘችው፤ ተጠራቀመ ብላ መግዛቱን ተወች።

ዳኜ ዩኒፎርሙን ሦስት ጊዜ አጠበበው። በመጀመሪያው ጊዜ ስለካ ተሳስቼ ነው አለ። በሁለተኛው ጨርቁ ተለጥጦ ነው አለ። በሦስተኛው ሜትሬ ተስቦ ይሆናል ብሎ አዲስ ሜትር ገዛ፤ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይህ ነው።

ግንቦት ውስጥ አንድ እሑድ ገበያነሽ ለምስክርነት ስትወጣ ልጇን በእጇ ይዛ ወጣች። "በጾም የሰጠኝ ልጅ" አለች፣ "ዛሬ በጾም በለጠችኝ።" ምእመኑ እልል አለ። ሚልካ መሬት መሬቱን እያየች ቆመች፤ እናቷ ትሕትና መሰላት። እዚህ ላይ ለመፍረድ የሚቸኩል ሰው አንድ ነገር ይስማ፦ ልጇ ስልክ ላይ ተጥዶ ሲውል የምታይ እናት ትጠርጥር፤ ልጇ ሲጸልይ የምታይ እናት ግን ምን ትጠረጥራለች? ገበያነሽ ደስ ብሏት ነበር፣ ደስታዋም እውነተኛ ነበር።

ሰኔ መግቢያ ላይ ሚልካ ትምህርት ቤት ሰልፍ ላይ ወደቀች። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነውና፣ የሰፈሩ ሰው ሁሉ "እኛማ ጠርጥረን ነበር" አለ። ሆስፒታል ሲለኳት ልቧ የሚመታው በደቂቃ አርባ አራት ጊዜ ብቻ ነበር። ሁለት ቀን ተኝታ ግሉኮስ ከተሰጣት በኋላ ወደ አእምሮ ሕክምና ክፍል ተላከች። ዳኜ የበሩን ጽሑፍ ሲያነብ "ልጄ አላበደችም" ብሎ እዚያው ቆመ።

"አላበደችም" አለች ከውስጥ ዶክተር ቶይባ። ከሠላሳ ብዙ ያላለፈች፣ ሂጃብ ያደረገች፣ ቀስ ብላ የምትናገር ሴት ናት። ሚልካ ውጭ ከነርሷ ጋር እንድትቆይ አድርጋ ሁለቱን አስቀመጠቻቸው። "ታማለች። የአመጋገብ ሕመም ነው። ቅብጠት አይደለም፣ እልህ አይደለም፣ መንፈስም አይደለም። ሰውነት ለረጅም ጊዜ ሲራብ ሐሳብም አብሮ ይታመማል፤ ከዚያ በኋላ 'አትብዪ' የሚላት ድምፅ የራሷ መስሎ ነው የሚሰማት።"

ገበያነሽ "ጾም እኮ ነው ዶክተር" አለች። "ልጄ ጸሎተኛ ናት።"

ዶክተሯ ፈገግ አለች። "እኔም ጿሚ ነኝ። ረመዳን ላይ ከአሥር ሰዓት በኋላ ስንት ጊዜ ሰዓቴን እንደማይ አልነግርዎትም። ጿሚ ሰው ማፍጠሪያውን ይጠብቃል። ሚልካ ማፍጠሪያው ሲደርስ ምን ታደርጋለች?"

ገበያነሽ አሰበች። በሶፍት ተጠቅልሎ ከፍራሽ ሥር ያገኘችው ዳቦ ታወሳት፤ ያኔ አይጥ ያመጣው መስሏት ነበር። "ሩቲ ጋ በልቼ መጣሁ" የሚለውም ታወሳት።

"እኔ ነኝ ያጠፋሁት" አለ ዳኜ፣ የልኬቱን ቀን ተናግሮ። "በሰው ፊት ጮኼ... እ... ማለቴ እኔ ምን አውቃለሁ፣ ሥራዬ ነው።"

"ጥፋተኛ ፍለጋ አንገባም" አለች ዶክተሯ። "አንድ ቃል ብቻውን ሰውን እንዲህ አያሳምምም፣ ብዙ ነገር ተጠራቅሞ ነው። አሁን የምፈልገው ጥፋተኛ ሳይሆን ምሳ የሚያቀርብ ሰው ነው። ምግቧ መድኃኒቷ ነው። ቁርስ፣ ምሳ፣ ራት፣ በመሃል መክሰስ፣ በሰዓቱ። እናንተ ታቀርባላችሁ፣ እስክትጨርስ አብራችኋት ትቀመጣላችሁ። አትቆጧት፣ አትለምኗት። 'ከሳሽ'ም ሆነ 'ወፈርሽ' የሚል ቃል ቤት ውስጥ አይነገር፤ ለምርቃት እንኳ ቢሆን። ጾሙም እንጦጦም ለጊዜው ቀርተዋል። እኔም እያነጋገርኳት እቆያለሁ፣ ዓርብ ዓርብ አምጧት።" ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "የልቧ ምት ከአርባ ከወረደ ግን አስተኛታለሁ። እንዲህ የተዳከመ ልብ አንዳንዴ ሳያስጠነቅቅ ይቆማል።"

ያች የመጨረሻ ቃል ገበያነሽን ታክሲ ውስጥም፣ ቤትም፣ አልጋዋም ላይ አልለቀቀቻትም። ዘጠኝ ዓመት የጠበቀቻት ልጅ ናት።

ከሥራ ፈቃድ ወሰደች። የዶክተሯን ቃል በወረቀት ጽፋ ፍሪጁ ላይ ለጠፈች፣ ሰዓቱን ጠበቀች፣ አልተቆጣችም። ያስቸገረው ዳኜ ነበር። አትለምኑ ተብሎ ይለምናል፤ አዲስ ስልክ እገዛልሻለሁ ይላል፣ ካልሆነለት ይጮኻል፣ ጮኾ ሲያበቃ ጓዳ ገብቶ ያለቅሳል። በመጨረሻ ገበያነሽ ማታ ማታ ብቻ እንዲቀመጥ፣ ሲቀመጥም ስለ ሥራው ብቻ እንዲያወራ አዘዘችው። እሱም ራቱን እየበላ ስለ ጥለትና ስለ ቁልፍ ማውራት ተያያዘው፣ ያን ጊዜ ሚልካ ጥቂት ትቀምሳለች። ቀን ላይ ግን፣ ከእናቷ ጋር ብቻቸውን ሲሆኑ፣ ምግቡ እንደ ቀረበ ይነሳል። ገበያነሽ ግራ ገባት። ከሁለቱ ታጋሿ እሷ ናት፣ የሚጮኸው እሱ ነው፤ ታዲያ እሱ ሲኖር የሚበላው እሷ ስትኖር ለምን አይበላም?

ምክንያቱ ዓይኗ ሥር ነበር። ገበያነሽ ከሆስፒታል በተመለሰች ማግስት ልጇ እንድትበላ የሃያ አንድ ቀን ጾም፣ በየቀኑ እስከ ማታ፣ ጀምራ ነበር። ሕመሙ ሕመም መሆኑን ተቀብላለች፣ መድኃኒቱን ተቀብላለች፤ ነገር ግን ሚልካን ያገኘቻት በጾም ነው፣ በጾም ያገኘችውን በጾም ካልጠበቀች በምን ትጠብቅ? ስለዚህ በየቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ሚልካ ፊት ምግብ ይቀርባል፣ ገበያነሽ ፊት ምንም አይቀርብም። እጇን አጣጥፋ፣ ከንፈሯን ለጸሎት እያንቀሳቀሰች፣ የልጇን አፍ ታያለች።

አንድ ቀን ሚልካ ሳህኑን ገፋ አድርጋ "አንቺ ስትጾሚ ቅድስና ነው፣ እኔ ስጾም በሽታ ነው?" አለች።

"የእኔ ለአንቺ ነው።"

"የእኔም ለጌታ ነበር" አለችና ተነሳች።

ገበያነሽን ቃሉ ወጋት፤ የወጋት ቦታ ግን የት እንደሆነ ገና አላወቀችም። ሁለተኛው ዓርብ ላይ የሚልካ የልብ ምት አርባ አንድ ሆነ። ዶክተር ቶይባ "በሚቀጥለው ዓርብ ካልተሻሻለ አልጋ እይዝላታለሁ" አለች። "ምሳ ላይ ማን ነው አብሯት የሚቀመጠው?"

"እኔ ነኝ፣ አጠገቧ ነኝ" አለች ገበያነሽ። አልዋሸችም። መጾሟን ግን አልተናገረችም፤ መንፈሳዊ ነገር ነው፣ ሐኪም ምን ያደርግለታል ብላ።

የምታውቀው መንገድ አንድ ብቻ ነበርና እሱኑ ጨመረችበት። የጸሎት ቡድኗን ሰዎች ለረቡዕ ምሳ ሰዓት ቤቷ ጠራች፤ ጾመው መጥተው ለሚልካ ሊጸልዩ። ሁለት መጡ። አንዷ ሰባ ዓመት የሞላቸው የቡድኑ ታላቅ እትዬ ኢትዮጵያ ናቸው፤ ሁለተኛዋ ሊሚ፣ ገበያነሽ ራሷ ጾም ያስለመደቻት፣ ነገር የምታጠብቅ ወጣት ሚስት። ሶፋው ላይ ተቀመጡ። ስድስት ሰዓት ነበርና ገበያነሽ የሚልካን እንጀራ በምስር ወጥ አቅርባ እንደ ልማዷ ከፊት ለፊቷ ተቀመጠች፣ እጇንም አጣጠፈች።

ሚልካ ሳህኑን አየች። ቀና ብላ ሦስቱን ሴቶች አየች። ሦስቱም ከንፈራቸው ለጸሎት ይንቀሳቀሳል፣ ሦስቱም ያዩዋታል።

"እኔ ብቻ ነኝ የምበላው?" አለች በቀስታ።

ልጅቷ ያለችው ይኸው ነው፤ ንዴትም አልነበረበትም። ገበያነሽ ግን በዚያ ቅጽበት ራሷን ከሚልካ ወንበር ላይ ሆና አየችው። በዚህ ቤት መብላት የደካማ ሥራ ነው። የማይበላው ይመሰገናል፣ መድረክ ላይ ይወጣል፣ እልል ይባልለታል፤ የሚበላው ዳኜ ይቀለድበታል። ልጅቷ ዕድሜዋን ሙሉ የሰማችው ይህንን ነው። አሁን ደግሞ ሦስት ቅዱሳን ሴቶች ከበዋት ቁጭ ብለው፣ አንቺ ብቻ ደካማ ሁኚ ይሏታል። ገበያነሽ አፈረች። ከማፈሯም በላይ ፈራች፤ እስከ ዓርብ ሁለት ቀን ነው የቀረው።

ተነስታ ጓዳ ገባች፣ ሳህን ይዛ ተመለሰች። እጇን ታጠበች። ከልጇ ሳህን እኩል እንጀራ አወጣች፣ ምስሩን ጨመረችበት፣ ባረከችና ጎረሰች። ጀምራ ያልጨረሰችው ጾም በሕይወቷ የመጀመሪያው ይህ ነበር።

"ገበያነሽ" አሉ እትዬ ኢትዮጵያ፣ "ጾም ላይ ነን እኮ።"

"አውቃለሁ እትዬ። እርስዎ ይጸልዩልን፣ እኔ ከልጄ ጋር እበላለሁ።"

"ዛሬ አሥራ ስድስተኛ ቀንሽ ነው፤ አምስት ብቻ ነው የቀረሽ" አለች ሊሚ። "ጠላት የሚያሸንፈው እንዲህ በመሃል ነው።"

"ሊሚዬ፣ ይህን ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ። ለጌታ ብሎ መጾም እንዳለ ሁሉ ለጌታ ብሎ መብላትም አለ። ልጄ ታማለች፣ መድኃኒቷ ይህ ነው፣ ብቻዋን አትውሰደው።" እንደገና ጎረሰች።

ሊሚ ነጠላዋን ሰብስባ "በሌላ ቀን እንመጣለን" ብላ ወጣች። በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው፤ ቢሆንም ነገ ከነገ ወዲያ ወሬው ቤተ ክርስቲያን እንደሚደርስ ገበያነሽ አላጣችውም። እትዬ ኢትዮጵያ ግን አልተነሱም። ወንበር ስበው ጠረጴዛው ጋ መጡ።

"ለእኔም ትንሽ አድርጊልኝ" አሉ። "ስኳሬ ከፍ ዝቅ እያለ ዶክተሩ አትጹሚ ካለኝ ሁለት ዓመቴ ነው። አፍሬ ነው እንጂ ያልነገርኳችሁ።"

ሚልካ አሮጊቷን ትክ ብላ አየቻቸው። ከዚያ ከእንጀራው ቆረሰች፣ ጠቀለለች፣ አፏ ውስጥ አስገባች። ረጅም ጊዜ አኘከች። ሲወርድላት እንባዋም አብሮ ወረደ።

"እማ" አለች። "ከጥር ወዲህ አንድም ቀን ጾሜ አላውቅም።"

ገበያነሽ መጎረሷን አቆመች። "ታዲያ ምን ነበር ልጄ?"

"መብላት ፈርቼ ነው። መጀመሪያ ደስ ይለኝ ነበር፣ በኋላ ማቆም አቃተኝ። እናንተ ጾም ስትሉት ዝም አልኩ። ያን እሑድ መድረክ ላይ ስታወጪኝ ልነግርሽ ነበር፣ ሰው እልል አለ።"

ገበያነሽ ምላሷ ላይ ጥቅስ መጥቶ ነበር፤ ለሁሉም ነገር ጥቅስ አላት። ዋጠችው። ወንበሯን አንስታ ከፊት ለፊት ወደ ጎን አዞረችና ትከሻዋ ከልጇ ትከሻ ጋር እስኪነካካ ተጠጋች። አጥንቷ በሁለት ሹራብ ውስጥ ተሰማት። ማልቀስ አማራት፣ አላለቀሰችም።

"እልል ያስባልኩት እኔ ነኝ፣ ይቅር በይኝ" አለች። "አሁንም ትፈሪያለሽ?"

"በጣም።"

"እሺ። እየፈራሽ ብዪ። እኔ እስክትጨርሺ ከዚህ አልነሳም።"

ያ ምሳ ሁለት ሰዓት ከሩብ ፈጀ። እትዬ ኢትዮጵያ ስለ ልጅ ልጃቸው የመንጃ ፈቃድ ፈተና ሲያወሩ ቆይተው ሶፋው ላይ እንቅልፍ ወሰዳቸው። ሚልካ ሁለት ጊዜ "በቃ፣ አልችልም" ብላ ተነሳች፣ ሁለት ጊዜ ተመልሳ ተቀመጠች። ሳህኑ ላይ የቀረው ከሩብ አይበልጥም ነበር። ዓርብ ያ ልብ ስንት እንደሚመታ ከመካከላቸው የሚያውቅ የለም።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን መክሰስ ደረሰ። ገበያነሽ ሁለት ሙዝ አመጣች፤ አንዱን ለሚልካ ሰጠቻት፣ ሌላውን ለራሷ መላጥ ጀመረች።